ከዋግ ቆጠራው አውጡኝ

ሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረትን ሰው ሁሉ በታኅሣሡ ግርግር ያስታውሰዋል። እኔ የማስታውሰው በስንዴ ዋግ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተኩስ ሲሰማ የእኔ ግርግር ካለፈ አንድ ወር ሆኖት ነበር። እሱም የሆነው አሰላ ላይ፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ጁምዓ ሰላት መውጫ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ያኔ አሰላ እንዲህ አልሰፋችም። ገበያው ዳር ቆሞ ወደ ጭላሎ የተመለከተ ሰው ከተማው የት እንዳለቀና ገብሱ የት እንደጀመረ በጣቱ ማሳየት ይችል ነበር። ከከተማው በላይ፣ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ የደጋ እህል ምርምር ኩባንያ የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት የቆርቆሮ ቤት ነበር። ሰዉ በአጭሩ «ምርምር» ይለዋል።

«የት ነው የምትሠሪው?»

«ምርምር።»

«ምን ትመረምራላችሁ?»

«ስንዴ።»

«ስንዴ ደግሞ ምኑ ይመረመራል? ይዘራል፣ ይበላል እንጂ!»

በዚህ ነገር ያልሳቀብኝ የአሰላ ሰው አልነበረም። አባቴ ረዲም ሳይቀር።

አባቴ በልጅነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ፣ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ ገበያ ለገበያ እየዞረ፣ በመጨረሻ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተማረኝ የሱቁን ደብዳቤ እንድጽፍለት ብሎ ነበር። ምርምር የጽሕፈት መኪና የምትመታ ልጅ ሲፈልግ አስተማሪዬ የእኔን ስም ሰጡ። ዘመድ ሁሉ «ሴት ልጅ ቢሮ?» ብሎ ተንጫጫ። አባቴ ሰው አይሆንም ያለው ነገር ስለሚጥመው በእልህ ላከኝ። ቢያውቅ ኖሮ ባልላከኝ ነበር።

አለቃችን አቶ ፈቃደ ይባላሉ። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ የማይለይ፣ ሲስቁ እንኳ በልክ የሚስቁ ሰው ነበሩ። የኩባንያው ሥራ የትኛው የስንዴ ዘር ዋግን እንደሚችል መለየት ነው። ዋግ የስንዴ በሽታ ነው፤ ቅጠሉንና አገዳውን ቀይ ዱቄት ያለብሰዋል፤ ያን ጊዜ መሀሉ ገብቶ የወጣ ሰው ቀሚሱ የሸክላ አፈር የነካው ይመስላል። ሦስት መቶ ስድሳ መደብ ነበረን፤ እያንዳንዱ የአልጋ ስፋት ያህል፣ ራስጌው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ችካል የተተከለበት።

መደቦቹን የሚቆጥሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ረድፉን ከምሥራቅ፣ ሌላው ከምዕራብ ይጀምርና፣ ዋግ የበላው ከመቶ ስንት እንደሆነ በየራሱ ደብተር ይጽፋል። መነጋገር ክልክል ነው። መጠቃቀስ ክልክል ነው። የሌላውን ደብተር ማየትማ ከሥራ ያስባርራል። ሲያልቅ አቶ ፈቃደ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አድርገው ያስተያያሉ። «ሁለት ሰው ሳይመካከር ያየው አንድ ከሆነ እውነት ነው፤ ተመካክረው ከሆነ ወሬ ነው» ይሉ ነበር።

አንደኛው ቆጣሪ በወባ ሲተኛ ለጊዜው ብለው እኔን አስገቡኝ። ዓይኔ ቁጥር አይስትም ብለው እዚያው አስቀሩኝ። ሁለተኛው ቆጣሪ ቱሳ አብዶ ነበር።

ቱሳ የአገሩ ልጅ ነው፤ የአርሲ ልጅ። ምርምር የተከራየውን መሬት ቀድሞ ያርሱት የነበሩት አባቱ ነበሩ፤ በጢሰኝነት። ባለርስቱ መሬቱን ለኩባንያው ሲያከራይ ሽማግሌው ጎጇቸውን ነቅለው ወደ ዳገቱ ወጡ፤ ልጃቸው ስድስተኛ ክፍል ጨርሶ እዚያው መሬት ላይ በወር ደመወዝ ተቀጠረ። ይህን ነገር ሲያወራው አይማረርም ነበር። «አባዬ በሬ ነድቶበታል፣ እኔ እርሳስ እነዳበታለሁ» ይላል። ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ብቻ ይቀራል፤ እኔ አይ ነበር።

እንግዲህ ፍቅር እንዴት ያዘሽ ብትሉኝ፣ በዚያ ሕግ ነው የያዘኝ እላለሁ። እኔ ከምሥራቅ፣ እሱ ከምዕራብ እየቆጠርን ስንመጣ ረድፉ መሀል ላይ እንተላለፋለን። በመደቦቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ አንዳችን ትከሻችንን ካላዞርን አያሳልፍም። አንድ ቃል አንናገርም። ቀና እንላለን፣ እንተያያለን፣ እናልፋለን። በቀን አሥራ አምስት ረድፍ እንቆጥራለን፤ በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ማለት ነው። ሌላው ሰው ዓመት ሙሉ አውርቶ የማይነግረውን ያ ልጅ በዓይኑ ነግሮኛል ብዬ አምን ነበር። ዳኛ ቢጠይቀኝ ግን ማስረጃ የለኝም።

ሥራ ሲያልቅ ወደ ከተማ የምንወርደው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ቱሳና ዘር የምታበጥረው እትዬ አሰገደች። እትዬ አሰገደች መሀላችን ገብታ ትሄዳለች፤ ስለ ክብሬ ብላ። «ወሬያችሁን በእኔ ላይ አሳልፉት፤ እኔ እንደሆነ የከበደ ሰምቻለሁ» እያለች። እሱም በእሷ በኩል አድርጎ ስለ ስንዴ ያወራኛል። ሌላ ወሬ አያውቅም። የትኛው መደብ ዛሬ እንደዳነ፣ የትኛው እንደማይተርፍ። እኔም ዕድሜዬን ስለ ስንዴ ስሰማ የኖርኩ ይመስል ልቤ ይሞቅ ነበር።

አንድ ቀን በዚያው መንገድ ላይ፣ ነገር ፍለጋም ይሁን ጉራ፣ «አባባ ዘንድ ከኦጎልቾ እንግዶች ሊመጡ ነው» አልኩ። እትዬ አሰገደች የጋብቻ ነገር መሆኑ ገብቷት በጎን አየችኝ። ቱሳም ከዚያ በኋላ እስከ ከተማ ድረስ ስለ ስንዴ እንኳ አላወራም። ቤቴ ገብቼ ምላሴን ነከስኩት።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ አቶ ፈቃደ አዲስ አበባ ባለአክሲዮኖቹ ዘንድ ደርሰው ሲመለሱ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ሠራተኛው ሁሉ ኩባንያው ውስጥ የሚወደውንና የሚጠላውን ጽፎ በሣጥን እንዲያስገባ ታዘዘ። ስም አይጻፍም። «ስሙን የጻፈ ሰው እውነቱን አይጽፍም» አሉ። መጻፍ ለማይችሉት እኔ እንድጽፍላቸው፣ በመጨረሻም ሁሉንም በመኪና መትቼ አንድ ላይ እንዳዘጋጅ ተነገረኝ።

ያን ሰሞን የነበረውን ሳቅ! ዘበኛው መጥቶ «የምወደው ካፖርቱን። የምጠላው ሰው ሲወጣ ኪሱን መፈተሹን፤ አጎቴን ስፈትሽ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ከግቢያችን አንዲት ፍሬ ስንዴ መውጣት ስለሌለባት ሁላችንም በር ላይ እንፈተሽ ነበር። ትራክተር ነጂው በገዛ እጁ ጻፈ፤ የምወደው ትራክተሩን፣ የምጠላው ትራክተሩን ሌላ ሰው ሲነካብኝ፤ ይላል። እትዬ አሰገደች ግን አልሳቀችም። «ደመወዙ ቀኑን አያሳልፍም፤ ይህን እወዳለሁ። የምጠላው ከሙከራ የተረፈው ስንዴ ሲቃጠል ማየቱን ነው። በእመብርሃን፣ እህል አይቃጠልም! ደግ ሥራ ነው የምትሉት ሥራ እሱን ካደረገ ለእኔ ደግ አይደለም፤ እንዲህ አድርገሽ ጻፊው» አለችና ዓይኗን ጠረገች። አንዱ ደግሞ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ «የምወደው ምንም፤ የምጠላው ይህን ወረቀት» ብሎ ነበር።

ሣጥኑን የከፈትኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ብቻዬን ቢሮ ተቀምጬ እያነበብኩ ስስቅ፣ አንዱ ወረቀት ላይ ስደርስ ሳቄ ከንፈሬ ላይ ደረቀ። ፊደሎቹ ወደ ኋላ ዘንበል ያሉ ናቸው። ስም ባይኖረውም የቱሳ እጅ መሆኑን አወቅሁት።

«የምወደው፦ ስንዴው ሳይታመም በፊት ቅጠሉን አይቼ ማወቄን። አባቴ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ከስንት ክፉ ዓመት በተረፈ ነበር። የምጠላው፦ የዋግ ቆጠራውን። የዘንድሮው እንዳለቀ ከዋግ ቆጠራው አውጡኝ። ጎበሳ ባለው ጣቢያችን የሚሠራ ሰው ጠፋ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔን ላኩኝ። ምክንያቴን ለአቶ ፈቃደ በቃሌ እነግራለሁ።»

ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛም አነበብኩት። የዋግ ቆጠራ ማለት እኮ እኔ ነኝ! እዚያ ሥራ ላይ እኔና እሱ ብቻ ነን። ኦጎልቾ ስላልኩ ነው? ወይስ በዓይኑ ነገረኝ ያልኩትን ሁሉ እኔው ራሴ ነበርኩ የምናገረው?  የሚገርመው አላለቀስኩም። እልኸኛ የእልኸኛ ልጅ ነኝ፤ ባዶ ወረቀት መኪናው ላይ አደረግሁና የእሱን ቃል ከሁሉ አስቀድሜ መታሁት። ፊደሎቹን በሙሉ ኃይሌ ስለመታኋቸው ወረቀቱ አንድ ሁለት ቦታ ተበሳ።

በማግሥቱ፣ ረቡዕ፣ ቆጠራ ነበር። ረድፉ መሀል ላይ ስንተላለፍ ዓይኔን ከችካሉ ላይ አላነሣሁም። በሁለተኛው ረድፍ ቆም አለ። በአምስተኛው ትከሻውን ሳያዞር ጠበቀኝ፤ እኔ ስንዴውን ገፋ አድርጌ በጎኑ አለፍኩ። ሥራ ሲያልቅ እትዬ አሰገደችን ሳልጠብቅ ብቻዬን ወረድኩ። ከኋላዬ «ዘሀራ! ማሎ፣ እባክሽ፣ ምን ሆንሽ?» ሲል ሰማሁት። ዞር አላልኩም። ዞር ብል ኖሮ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ባልኖረ።

ያን ቀን እራት ላይ አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከኦጎልቾ የመጡት እንግዶች ለልጃቸው ለጅብሪል እኔን ጠይቀዋል። ጅብሪል የእህል ነጋዴ ልጅ ነው፤ አንድ ጊዜ ሱቃችን ሲመጣ አይቼዋለሁ፤ ምንም እንከን የማይወጣለት ልጅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለመልስ ይመጣሉ።

«ሰዎቹ እንደኛው ነጋዴ ናቸው፤ ቋንቋችንም አንድ ነው» አለ አባቴ። «እኔ ወድጃለሁ። ኒካህ ግን ያለ ልጅቱ ፈቃድ አይታሰርም። ምን ትያለሽ?»

እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ ዝም አይነቅዝም ማለቷ ነው። በእኛ ወግ ልጃገረድ ስትጠየቅ አዎ ብላ አትናገርም። ዝም ካለች ፈቅዳለች። እምቢ የምትል ብቻ ናት አፍ የምታወጣ።

እኔ ዝም አልኩ። በውስጤ «ይሂድ ወደ ጎበሳው! እኔም እሄዳለሁ ወደ ኦጎልቾዬ!» እያልኩ ነበር። አባቴ ፊቱ በራ፤ «አልሐምዱ ሊላህ» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ዳበሰ። እናቴ ሳመችኝ። እኔ ግን በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ።

ዓርብ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አቶ ፈቃደ አስጠሩኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ብቻ ናቸው የቀሩት፤ ከቆጠራው በፊት አንድ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ፈለጉ። መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው እንደ ልማዳቸው ያለ ስሜት ያነቡልኝ ጀመር።

«ለአቶ ቱሳ አብዶ። ጉዳዩ፦ ዝውውርን ይመለከታል። በኩባንያው ደንብ ቁጥር ሰባት መሠረት፣ ከሰኞ ጀምሮ…»

«ቁጥር ሰባት?» አልኩ፤ እጄ ቆመ።

«ቁጥር ሰባት፣ አዎ። አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?»

እኔው ነኝ። መስከረም ላይ አሥራ ሁለቱንም ደንቦች በሦስት ቅጂ የመታኋቸው እኔ ነኝ። ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ አብረው የሚቆጥሩ ሁለት ሠራተኞች የሥጋ ዘመድ፣ ባልና ሚስት ወይም ለጋብቻ የተጫጩ ሊሆኑ አይገባም፤ ሆነው ከተገኙ የዓመቱ ቆጠራቸው ይሰረዛል። በጣቴ ጽፌዋለሁ፤ በልቤ ግን አላነበብኩትም ነበር።

«ቀጥይ» አሉ አቶ ፈቃደ። «…ከቆጠራ ባልደረባዎ ጋር ጋብቻ ለመመሥረት ሐሳብ እንዳለዎት፣ ሽማግሌ ከመላክዎ በፊት ለኩባንያው በማስታወቅዎ…»

እዚህ ላይ ሲደርሱ ዞረው አዩኝ። እርሳሱ ከጆሯቸው ላይ ወደቀ።

«ወይዘሪት ዘሀራ» አሉ ቀስ ብለው፤ «አልነገረሽም እንዴ?»

«አልነገረኝም።»

«ቆጠራው ሳያልቅ አልነግራትም፣ ከነገርኳት የዓመቱ ልፋት ይበላሻል ብሎኝ ነበር። እኔ እኮ ይህንን… እኔው ራሴ…» ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ያን ያህል ጊዜ አብሬያቸው ሠርቼ አቶ ፈቃደ የሚሉት ሲጠፋቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው እርሳሱን አነሡ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ። «ስሚኝ። እስካሁን በአፋችሁ አልተነጋገራችሁም። ያልተነጋገረ አልተጫጨም። ሃያ አራት መደብ ቀርቷል። ሄደሽ ቁጠሪ፤ ካለቀ በኋላ ደንቡ አይመለከታችሁም።»

እንዴት ሜዳው እንደደረስኩ አላውቅም። ቱሳ በምዕራብ በኩል ራስጌው ላይ ቆሞ ነበር፤ ደብተሩን ይዞ፤ ሰኞ እንደሚሄድ ሰው ሆኖ። ልጮህ ፈለግሁ። «ለምን አልነገርከኝም!» ብዬ ስንዴውን ረግጬ ልሮጥ ፈለግሁ። ጁምዓ ሰላት ሊደርስ ነው፤ የኦጎልቾ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ናቸው፤ አባቴ ቃሉን ሊሰጥ ነው። አንድ ቃል ብተነፍስ ግን የዓመቱ ቆጠራ ተሰረዘ፤ እሱ በዝምታው የጠበቀው ሁሉ ከንቱ ሆነ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩና የመጀመሪያው ችካል ጋ ቆምኩ።

ቆጠርኩ። እንባዬ እየወረደ፣ በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ ቆጠርኩ። ሠላሳ፣ አርባ አምስት፣ አሥር። ረድፉ መሀል ስንደርስ ለሁለት ቀን የነፈግሁትን ዓይኔን አነሣሁ። ሲያየኝ ደነገጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ጥርሱን ነከሰና ራሱን ነቀነቀ፤ «አሁን አይደለም» እንደማለት። ትከሻውን አዞረልኝ፣ አለፍኩ። በመጨረሻው ረድፍ መሀል ላይ ስንገናኝ እሱም እያለቀሰ ነበር። እንዳወቅሁ አውቋል። ያችን አንድ አፍታ ዛሬም ድረስ በሰባት ዓመት ደስታ አልለውጣትም።

ደብተሮቻችንን አቶ ፈቃደ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። አላስተያዩዋቸውም። ሰዓታቸውን አይተው «ቆጠራው አልቋል» አሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ገቡ።

እንግዲህ መናገር ተፈቅዶልን፣ ሁለታችንም መናገር አቃተን። መጀመሪያ አፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

«ከእኔ ለመራቅ የጻፍከው መሰለኝ።»

«ላኪ!» አለ፤ አይደለም ማለቱ ነው። «ወላሂ ዘሀራ፣ ላንቺ ስል ነው። ኦጎልቾ ስትዪ አንጀቴ ተቆረጠ። ዛሬ ነገ ሳልል አባዬን ልልክ አሰብኩ። ከላክሁ ደግሞ ይህ ሁሉ ስንዴ ይሰረዛል። አንቺን በሌባ መንገድ ላገኝሽ አልፈለግሁም። ወረቀቱን አንቺ እንደምታነቢው መች አሰብኩ? አቶ ፈቃደ ያነቡታል ብዬ ነው።»

«እኔ ነኝ የማነበው! ሁሉንም እኔ ነኝ የምመታው!»

«እኔ ምን ላድርግ? የቢሮ ሥራ አላውቅም!»

በለቅሷችን መሀል ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ሞተብኝ።

«ቱሳ፣ ዝም ብያለሁ። አባባ ሲጠይቀኝ ዝም አልኩ።»

ሙስሊም ነውና ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳው አላስፈለገኝም። ፊቱ አመድ መሰለ። መሬቱን አየ፤ አባቱ ያረሱትን መሬት።

«ፈቅደሽ ነው?»

«ተናድጄ ነው።»

«እንግዲያው እኔ ብናገር አይሰማም» አለ። «የጢሰኛ ልጅ ሽማግሌ ሳይልክ የነጋዴ ደጅ ቆሞ ቢጮህ ውሻ ነው የሚለቀቅበት። ያልሽውን አንቺ ብቻ ነሽ የምትመልሺው። ሂጂ። ካልሆነልሽም…» ቃሉን አልጨረሰውም። «ካልሆነልሽም አልረግምሽም። ሂጂ!»

ያን መንገድ ብቻዬን ሮጥኩት። በሩጫዬ ውስጥ ያሰብኩት ነገር አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ከሰኞ በኋላ ያ ረድፍ እንደማይኖር ነው ያሰብኩት። ቢሆንልኝም ባይሆንልኝም፣ ሁለታችን ከሁለት ጫፍ ተነሥተን መሀል ላይ የምንገናኝበት ሥራ አልቋል። እኔ ወረቀት በሣጥን አላስገባሁም ነበር። ባስገባ ኖሮ የምወደውም የምጠላውም ያው አንድ ነገር ይሆን ነበር፤ ሳንነጋገር መቁጠሩ።

ቤት ስደርስ የበሩ ደፍ ጫማ ሞልቶታል። ሽማግሌዎቹ ገብተዋል። ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው የኦጎልቾው ሽማግሌ ሼህ ሀሰኖ፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ዓይናቸው የደከመ። አባቴ ፋቲሓ ሊያስቀራ እጁን ለዱዓ ዘርግቷል። ቃል ሊያስር ነው። እንዲያ ባለ ሰዓት ሴት ልጅ እንኳን ልትናገር በበሩም አታልፍም።

«አባባ» አልኩ።

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እናቴ ከጓዳ «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!» ስትል ሰማኋት።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ረቡዕ ዝም ያልኩት ፈቅጄ አይደለም። በሰው ተናድጄ ነው። እኔ አልፈቀድኩም።»

 የአባቴ ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ጠቆረ። ሰው ፊት ተዋርዶ የማያውቅ ሰው ነው። ሊነሣ ሲል ሼህ ሀሰኖ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ።

«ተቀመጥ ረዲ» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ልጃችንን ጠልተሽው ነው?»

«አይደለም። እርስዎንም እሱንም አከብራለሁ። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ልቤን ትቼ ብመጣ እሱን መበደል ነው።»

ሽማግሌው የተዘረጉትን የአባቴን እጆች በገዛ እጃቸው አጠፉለት። «ይህችን ልጅ አትምታት» አሉት። «አንድ ዓመት ቆይታ ብትናገረው ኖሮ ሁለት ቤት ነበር የሚፈርሰው። ዛሬ የፈረሰ ነገር የለም።» ተነሥተው ሌሎቹን አስከትለው ወጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። ስንት ዓመት አለፈ፤ ለእኒያ ሰውዬ ዱዓ ሳላደርግ የዋልኩበት ዓርብ የለም።

እኔና አባቴ ቀረን። እሱ ምንጣፉ ላይ፣ እኔ በሩ ላይ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።  ሲናገር ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«ማነው?»

«ቱሳ ነው። የአብዶ ልጅ። ምርምር የሚሠራው።»

«የጢሰኛው የአብዶ ልጅ?»

«አዎ አባባ። የጢሰኛው።»

«አባት አለው፣ ዘመድ አለው፣ በወጉ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ነው? ወይስ እንደ አንቺ በር ገፍቶ የሚገባ ነው?»

«በወጉ ሊልክ ነው እዚህ ያለውን ሥራውን የለቀቀው።»

አባቴ ቆቡን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። የተሸከመበት ዘመን ያጎበጠው ትከሻው ዝቅ ብሎ ታየኝ። በጀርባው ዕቃ ተሸክሞ እዚህ አገር ሲገባ ማን እንደነበር ያን ጊዜ አስታውሶ ይሆን? አልጠየቅሁትም።

«ይላክ እንግዲህ» አለ። «እሺ አልልም።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«ተመልሰው ቢመጡም እሺ አልልም። ሦስት ጊዜ ቢመላለሱ፣ ሦስቱንም ጊዜ እምቢ ነው የምለው። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

ቆቡን መልሶ አጠለቀና ወደ ሱቁ ሄደ። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆምኩ። አባቴ በሕይወቱ ቁጥር ተሳስቶ የማያውቅ ነጋዴ ነው። ሦስት ነው ያለው፤ አራት አላለም። ጓዳ ገብቼ እናቴ ትከሻ ላይ ተደፋሁና እስኪበቃኝ አለቀስኩ።